አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ፤ ከባዕድ ቋንቋ ያገኙት ትርፍና የተዉልን ዕዳ

የባዕድ አገር ቋንቋ መማር ለተማሪው ለራሱ ምን ይጠቅመዋል? ይህ ጥያቄ በእኛ በተማሪዎች መካከል ዘወትር ይነሣል። አንዱ ለፈተና ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሥራ ለማግኘት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ነው ይላል። ከዚህም በቀር የሰውን ቋንቋ አብዝቶ የሚያጠና ሰው የራሱን ይረሳል፤ ልቡም ከአገሩ ይሸፍታል ብለው አጥብቀው የሚከራከሩ ጓደኞች አሉን። ነገሩን በክርክር ብቻ ለመፍታት ከምንደክም በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ብንመረምረው ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም ሰው ከኛ ጊዜ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ርቆ የኖረ፣ በትውልዱ የወሎ ደጋ ልጅ፣ በስደቱ የሮማና የጀርመን እንግዳ የነበረ ነው።

እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በሚያጠኑ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው በየትም አገር የታወቀ ነው። በተወለዱበት አገር ግን ታሪካቸውን አውቆ ለልጁ የሚነግር ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ሕይወታቸውን ባጭሩ እንተርክና ከዚያ በኋላ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከደሴ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ የመለሰ መንገደኛ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበትን ብርዳም ደጋ አቋርጦ ወደ መካነ ሰላም ይደርሳል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ የሚባሉት አገሮች በዚህ ወገን ይገኛሉ። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ ጥልቅ ገደል ቆፍረው ያጠሩት ደጋ ነው። ይህ አገር በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ግዛት ክፍል ነው። አማርኛ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአምሐራ አገር መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። በቤተ አምሐራም ውስጥ መካነ ሥላሴ የሚባል ታላቅ ደብር ነበረ። ስሙ ከዛሬይቱ ከመካነ ሰላም ከተማ ጋር ቢቀራረብም ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ማስተዋል ይገባል። ደብሩን ዐፄ ናዖድ ማሠራት ጀመሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። በ1520 ዓ. ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ስለዚህ ደብር ጽፎ አልፏል። በ1531 ዓ. ም. ግን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚህ ቃጠሎ ስድሳ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1595 ዓ. ም. ገደማ፣ በዚሁ በመካነ ሥላሴ አገር ነው። ወገናቸውም ከታላላቆቹ ወገን ነበረ። እንደ አገሩ ልማድ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድንል ያስፈልጋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግዕዝ ከእናት ጡት ጋር የሚገኝ ቋንቋ አይደለም፤ ፊደሉ አንድ ቢሆንም ቋንቋው ሌላ ነው። ልጁ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ስንት ክረምት ከርሞ የሚያገኘው ነው። በዚሁ በወሎ አገር የእስላሙ ልጅ በቁርኣን ቤት ተቀምጦ ዐረብኛን እንዲሁ በብዙ ድካም ይማራል። የኦሮሞ ሕዝብም ወደዚህ ደጋ ከገባ ወዲህ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ሲነገሩ ኖረዋል፤ የቦረና ስም እንኳ የመጣው ከዚያው ወገን ነው። እንግዲህ ከእናት ቋንቋ ሌላ ቋንቋ መማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ወሎ ደጋ ሄዶ ይመልከት። በአባ ጎርጎርዮስም ሕይወት የመጀመሪያው የተማሩት ቋንቋ ግዕዝ ነበረ፤ ኋላ እንደምናየው በስተርጅና ያተረፋቸውም እሱው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በጐለመሱበት ጊዜ በኢትዮጵያ ታላቅ የሃይማኖት ነገር ተነሥቶ ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ከአውሮፓ መጥተው በአገሩ ተቀምጠዋል። ከነርሱም ዋነኛው በ1603 ዓ. ም. የገባው ፔድሮ ፓኤዝ ነበረ። ይህ ሰው ግዕዝንም አማርኛንም አጥንቶ ከሊቃውንቱ ጋር ይከራከር፣ ከንጉሡም ጋር ይጫወት ነበር። እንዲያ ያለ ተሰሚነት ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ የአገሩን ቋንቋ ማወቁ እንደ ነበረ አይካድም። በ1622 ዓ. ም. ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ፤ በዚያውም ዓመት ፓኤዝ ሞተ። በ1625 ዓ. ም. ደግሞ ጳጳሱ አልፎንሶ ሜንዴዝ ገባ።

አባ ጎርጎርዮስ ከነዚህ ካህናት ጋር ወገኑ፤ ሃይማኖታቸውንም ተቀበሉ። ፖርቱጊዝኛንም ተማሩ። በዚያን ጊዜ በቤተ አምሐራ ተወልዶ የፈረንጅ ቋንቋ ያወቀ ሰው በቁጥር ነበር። ሆኖም ይህ ዕውቀት እንዲሁ በነጻ የተገኘ አልነበረም። በሃይማኖቱ ምክንያት አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም በ1632 ዓ. ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። የነርሱ ወገን የሆኑ ኢትዮጵያውያን ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት መመለስ ወይም መሰደድ። አባ ጎርጎርዮስ ስደትን መረጡ። ከዚያ በኋላ የመካነ ሥላሴን ምድር አላዩም።

በዚህ ላይ መፍረድ የኛ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ስለ ቋንቋ ጥቅም የሚጽፍ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ቢያልፍ አንባቢውን ያታልላል። ቋንቋ ቃላት ብቻ አይደለም፤ ከተናጋሪዎቹ ጋር ያወዳጃል፤ ወዳጅነትም ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። ልብ ከአገር ይሸፍታል የሚሉት ጓደኞቻችን የሚፈሩት ነገር ፈጽሞ ከንቱ እንዳልሆነ እንመሰክርላቸዋለን።

አሁን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ወደ ሮማ እንሻገር። በሮማ ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚባል አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኰሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። ቤቱ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤትም ያገለግል ነበር። በ1513 ዓ. ም. መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል በሮማ ሲታተም ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝን የተማረው እዚያ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ነው። በ1548 ዓ. ም. ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። አባ ጎርጎርዮስም ከብዙ መንከራተት በኋላ በዚሁ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ነበር።

በ1649 ዓ. ም. አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጐልማሳ ወደዚህ ቤት መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ነው። ወደ ሮማ የተላከው ለስዊድን ንግሥት አንዳንድ ጽሑፎች እንዲፈልግ ነበር። ልቡ ግን ያለው በሌላ ነገር ላይ ነው። ገና ተማሪ ሳለ የግዕዝን ፊደል አይቶ ወደደው፤ በአውሮፓም የታተሙትን ጥቂት መጻሕፍት እየለቃቀመ ያለ አስተማሪ ያጠና ነበር። ያላየውን አገር፣ ያልሰማውን ድምፅ ከወረቀት ላይ ለመማር ደከመ። እኛ መብራትና መጽሐፍ እያለን ማጥናት የሚሰለቸን ይህን እናስተውል።

ሉዶልፍ ራሱ እንደ ተረከው፣ ግዕዝ ለመማር እፈልጋለሁ ባላቸው ጊዜ መነኰሳቱ ነገሩን አላመኑበትም። ይህ ቋንቋ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚቻል አይደለም አሉት። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ታላቅ ሊቅ መኖራቸውን፣ ነገር ግን ላቲን እንደማያውቁ፣ ኢጣልያንኛም እምብዛም እንደማይሰሙ ነገሩት። እሱም ለማንኛውም እንዲያገናኙት ለመነ። አባ ጎርጎርዮስ መጡ፤ ትልቅ የብራና መጽሐፍም ወጣና አንብብ ተባለ። ሲያነብ ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሳቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የፊደሉን ድምፅ ከሕያው ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅምና አነባበቡ እንግዳ ሆነባቸው። ነገር ግን ያነበበውን መተርጐም በጀመረ ጊዜ ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። በኢትዮጵያ ተቀምጠው ለነበሩት ለኢየሱሳውያን እንኳ ከባድ የነበረውን ቋንቋ ይህ ወጣት ያለ መምህር ማጥናቱ አስገረማቸው።

ከኛ መካከል የባዕድ ቋንቋ ሲናገር እንዳይሳቅበት ፈርቶ ዝም የሚል ስንት አለ! ሉዶልፍ ተስቆበት አልሸሸም። ቢሸሽ ኖሮ ኋላ የምንነግራችሁ ሥራ ሁሉ ባልተሠራ ነበር። አባ ጎርጎርዮስም ሥቀው አልተዉትም፤ አቀኑት። ተማሪው እፍረቱን ቻለ፤ መምህሩም ተማሪውን ታገሠ፤ ሁለቱም በዚህ ተጠቀሙ።

እንግዲህ ሁለቱ መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን በግዕዝ እየተግባቡ መጡ። ግዕዝ በአገር ቤት የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ ነው፤ ስለ ምሳና ስለ መንገድ የሚያወራበት ሰው የለም። በሮማ ግን የወሎው መነኵሴና የኤርፉርቱ ጐልማሳ የዕለት ወሬያቸውን ይጨዋወቱበት ጀመር። በልጅነት በየኔታ ቤት የተለፋበት ትምህርት በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜ፣ በሰው አገር፣ ወዳጅ ማፍሪያ ሆነ።

በዚህ ሥራ አባ ጎርጎርዮስ ለራሳቸው ያገኙት አንድ ትልቅ ትርፍ አለ እንላለን። ሉዶልፍ የሚጠይቃቸው በአገራቸው ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ነበር፤ ስለ ስሙና ስለ ግሱ፣ ስለ እርባታው፣ ስለ ቃላቱ አሰካክ። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የቋንቋውን ሕግ አያየውም፤ እንደ ትንፋሹ ነው። አንድ ምሳሌ እናምጣ። ግዕዝ ቤተ ንጉሥ ሲል አማርኛ የንጉሥ ቤት ይላል። ፖርቱጊዝኛም እንደ ግዕዙ ቤቱን አስቀድሞ ንጉሡን ያስከትላል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ ከንብረቱ በፊት መጠራቱ ሌላ መንገድ ያለው አይመስለውም። ሦስቱን የሚያውቅ ግን አማርኛ የራሱ ጠባይ እንዳለው፣ ከግዕዝ ጋር ዘመድ ቢሆንም በአካሄዱ እንደሚለይ ወዲያው ይረዳል። የሰው ቋንቋ የራስን ቋንቋ የምናይበት መስተዋት ነው ማለት ይቻላል። የራሱን ይረሳል ለሚሉት ጓደኞቻችን የምንሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። አባ ጎርጎርዮስ አማርኛቸውን አልረሱም፤ ይልቁንም ቃል በቃል እየመረመሩ ለሌላ ሰው ለማስረዳት የበቁት በስደት አገር ነው።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ ለሳክስ ጎታው መስፍን ለኤርንስት አገልጋይ ሆነ። ይህ መስፍን በ1642 ዓ. ም. በግዛቱ ያሉ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዘዘ፣ ዕውቀት የሚወድ ሰው ነበረ። ስለ አባ ጎርጎርዮስ በሰማ ጊዜ አስጠራቸው። እሳቸውም በ1652 ዓ. ም. ከኢጣልያ ተነሥተው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወደ ጀርመን አገር መጡ። ጀርመን በዚያን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር፤ በጎታ ያለው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥትም ገና በመሠራት ላይ ነበረ። የሃምሳ ሰባት ዓመቱ የመካነ ሥላሴ ልጅ በመስፍኑ ዘንድ ጥቂት ወራት ተቀመጡ።

በነዚህ ወራት ስለ ኢትዮጵያ የማይጠየቁት ነገር አልነበረም። ስለ ንጉሡና ስለ ሹማምንቱ፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ሥርዐቱ፣ ስለ ወንዞችና ስለ ተራሮች፣ ስለ ዓባይም አመንጪና አካሄድ ይጠየቁ ነበር፤ የመለሱትም ይጻፍ ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ስለ አገራችን ብዙ ተረት ያወሩ ነበር፤ ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉትም አፈ ታሪክ ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። አሁን ግን የአገሩ ልጅ ራሱ ቀርቦ ይህ እውነት ነው፣ ይህ ሐሰት ነው ለማለት ቻለ። ሌላው ሰው ስለ እኛ ሲናገር ለማረም መቻል፣ ይህ ሁለተኛው ትርፍ ነው። ቋንቋ የሌለው ስደተኛ እንደ ብርቅ ዕቃ ይታያል፤ ቋንቋ ያለው ስደተኛ ግን ይሰማል፣ ይከበራል፣ ሊቅ ተብሎ ይጠራል።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ግን አልተቋረጠም። በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ከደብዳቤዎቹም አንዳንዶቹ ተጠብቀው ቈይተው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር ታትመዋል። ስለ ትውልዳቸው የምናውቀው ብዙው ነገር ለዚሁ ወዳጃቸው ከጻፉለት የተገኘ ነው። አስቡት፤ አንዱ ካቶሊክ መነኵሴ፣ ሌላው የሉተር ወገን ፕሮቴስታንት፤ አንዱ ከስልሳ ዓመት የተጠጋ፣ ሌላው ገና ወጣት፤ አንዱ የደጋ ገብስ ቆሎ የበላ፣ ሌላው የሰሜን አጃ የበላ። በዚያ ዘመን በሃይማኖት ልዩነት ስንቱ ሲተራረድ እነዚህ ሁለቱን ያፋቀራቸው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለማወቅ መድከሙ ነው። ሦስተኛው ትርፍ ይህ ነው፤ ይኸውም በሹመት ወይም በደመወዝ የማይለካ ወዳጅነት ነው።

የአባ ጎርጎርዮስ መጨረሻ ያሳዝናል። ብዙ ዘመን በሰው አገር ኖረው ስለ ነበረ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አገራቸው መንገድ ተነሡ። በ1658 ዓ. ም. የተሳፈሩባት መርከብ በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮና ወደብ አጠገብ ተሰበረች፤ እሳቸውም ሰጥመው ሞቱ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ከበሽሎና ከዓባይ ገደሎች መካከል የተነሣ ሰው ሬሳውን ባሕር ወሰደው፤ መቃብሩን የሚያሳይ ድንጋይ የለም።

ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ነገር አልጣለም። በ1661 ዓ. ም. የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመለት። በ1681 ዓ. ም. የኢትዮጵያን ታሪክ በፍራንክፉርት አሳተመ፤ በ1691 ዓ. ም. ደግሞ የዚህን ታሪክ ሰፊ ማብራሪያ አወጣ። በዚሁ ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል ታትሞ ይገኛል። በ1698 ዓ. ም. የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ይህም ከታተሙት የአማርኛ ሰዋስዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዋናው ምንጩ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1704 ዓ. ም. ሉዶልፍ እስኪሞት ድረስ የነገሩትን ሲያጠና ኖረ፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘም በመጻሕፍቱ ውስጥ ሳይደብቅ መሰከረ። ኋላም በ19ኛው መቶ ዓመት አውግስጦስ ዲልማን በ1857 ዓ. ም. ሰዋስዉን፣ በ1865 ዓ. ም. ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው ትምህርት ከሥሩ ቢቈፈር ከአንድ የወሎ መነኵሴ አፍ የወጣ ቃል ይገኝበታል።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። ከላይ የቈጠርናቸው የሉዶልፍ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት በላቲን ነው። አባ ጎርጎርዮስ ላቲን አልተማሩም። ደግሞም መጻሕፍቱ መታተም የጀመሩት እሳቸው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። ስለዚህ ከአንደበታቸው የወጣው የእናታቸው ቋንቋ ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ አላዩም። ቢያዩም እንኳ በላቲን የተሰጠውን ፍቺ አንብበው ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስሕተት ነው ለማለት ባልቻሉ ነበር። የአማርኛ የመጀመሪያው ሰዋስው የተሠራው ከአማርኛ ተናጋሪ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ተጻፈ። በመጽሐፉም ፊት የደራሲነት ስም የተጻፈው የሉዶልፍ ነው። በዚህ ሉዶልፍን አንወቅሰውም፤ የደከመበትን ጻፈ፤ መምህሩንም አመስግኗል። ጥያቄው ወደ እኛ የሚመለስ ነው።

ጥያቄውም ይህ ነው። የባዕድ ቋንቋ የምንማረው እስከ የት ለመድረስ ነው? ፖርቱጊዝኛ አባ ጎርጎርዮስን ከፈረንጆች ጋር አገናኘ። ግዕዝ ወዳጅ አፈራላቸው፤ አስከበራቸውም። ሆኖም የጎደለው አንድ ቋንቋ ከመምህርነት ወደ ደራሲነት እንዳይሻገሩ አደረጋቸው። ለሚጠይቅ ሰው መልስ ለመስጠት የሚበቃ ቋንቋ አንድ ነገር ነው፤ ራስ ጠያቂ ሆኖ ለመጻፍ፣ የተጻፈውንም ለመመርመርና ለመንቀፍ የሚበቃ ቋንቋ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሰውን ጠቃሚ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ነጻ ያወጣዋል። ከኛ መካከል ብዙዎቻችን ፈተና እስክናልፍ ድረስ ተምረን እናቆማለን። ያን ጊዜ ስለ ራሳችን አገር እንኳ ሌላው ሰው የጻፈውን እንዳለ ተቀብለን እንኖራለን።

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት ለክርክሩ ያገኘነውን መልስ እንሰብስብ። የባዕድ ቋንቋ መማር ለተማሪው ለራሱ ይጠቅመዋል። የራሱን ቋንቋ ከውጭ ሆኖ እንዲያየው ያደርገዋል። ስለ እሱና ስለ አገሩ የሚወራውን ሐሰት ለማረም ያስችለዋል። በትውልድም በሃይማኖትም ከማይመስለው ሰው ጋር ያወዳጀዋል። ለዚህም ዕድሜ አያግደውም፤ አባ ጎርጎርዮስ ታላቁን ሥራቸውን የጀመሩት ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም የተገኘው ይዘውት የሄዱት የራሳቸው ዕውቀት ስለ ነበረ ነው። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የፈለገው ፖርቱጊዝኛቸውን አልነበረም፤ ግዕዛቸውንና አማርኛቸውን ነበረ። ባዶ እጁን ወደ ገበያ የሄደ ሰው ዋጋ ቢጠይቅ እንጂ ምንም ይዞ አይመለስም።

ለመካነ ሰላም፣ ለሳይንት፣ ለወግዲና ለከላላ ልጆች ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከአያቶቻችሁ ጋር ተቀመጡ። የእርሻውን፣ የአዝመራውን፣ የብርዱንና የገደሉን ቃላት እየጠየቃችሁ በደብተር ላይ ጻፉ። ይህን ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት አንድ የኤርፉርት ልጅ በሮማ ከተማ አድርጎታል፤ እናንተ ደግሞ በገዛ ደጃችሁ ብታደርጉት ነውር የለበትም። ላቲን ለመማር ዕድል የሚያገኝም ከናንተ ቢገኝ የ1698ቱን መዝገበ ቃላት ከፍቶ ያንብብ። በዚያ ውስጥ ያለውን አማርኛ እናቱ ዛሬ ከምትናገረው ጋር ያስተያየው፤ የተሳሳተውንም ያርም። ባሕር የወሰዳቸው አባት ሳያዩት የቀረውን መጽሐፍ የአገራቸው ልጅ አንብቦ ቢያቀናው ዕዳው ተከፈለ ማለት ነው።